ከናስ ወደ ላፕቶፕ በዋይፋይ ኮፒ ሲንቀራፈፍ፦ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ ፈልጎ ማግኛ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የሚሠራ አንድ የሰርግ ካሜራማን ጓደኛ አለኝ። የአንድ ሰርግ ቀረጻ 60 ጊጋባይት ያህል ይሆንበታል። ቤቱ ካለው የኔትወርክ ማከማቻ (ራውተር ላይ ተሰክቶ ፋይል የሚያስቀምጥ ባለ ዲስክ ሳጥን) ወደ ላፕቶፑ በዋይፋይ ሲገለብጠው አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበት ነበር። መፍትሔ ብሎ ያደረገው የኢንተርኔት ጥቅሉን ማሳደግ ነው። ወር ሙሉ ጨምሮ ከፈለ። ኮፒው ግን ያው አምስት ሰዓት ተኩል።

ፋይሉ እኮ ከግቢ አይወጣም። ከማከማቻው ተነስቶ ራውተሩ ጋ ይሄዳል፣ ከራውተሩ በአየር ላፕቶፑ ጋ ይመጣል። በቃ። ኢንተርኔቱ ጭራሽ ቢቋረጥ እንኳ ኮፒው መቀጠል አለበት። ስለዚህ ጥቅል አትቀይሩ፣ አዲስ ራውተርም ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ የቱ ጋ እንደተያዘ እወቁ።

ከዚህ በታች ማከማቻውን «ናስ» እለዋለሁ፤ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው። (አባቴን «ናስ ገዛሁ» ስለው «ስንት ኪሎ?» ብሎኛል።) ራውተራቸው ጀርባ በዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ሰክተው የሚጠቀሙም በዚሁ መመሪያ መሄድ ይችላሉ፤ ደረጃ 5 ላይ ለእነሱ የተለየ ነገር አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- አንድ ትልቅ ፋይል። 4 ጊጋባይት አካባቢ የሆነ አንድ ቪዲዮ ይበቃል። የፎቶ ፎልደር አይሆንም፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ።
- የኔትወርክ ኬብል። ልባሱ ላይ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል ጽሑፍ ያለው።
- ስልካችሁ ላይ የዋይፋይ አናላይዘር አፕ፤ በአካባቢው ያሉትን ዋይፋዮችና የሲግናላቸውን ጥንካሬ የሚያሳይ። ነፃዎቹ ይበቃሉ።
- የራውተሩ መግቢያ ስምና ፓስወርድ። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። «በቃሌ እይዛለሁ» ያለ ሰው ሦስተኛው ልኬት ላይ ይምታታበታል።
- ሁለት ሰዓት። ቤት ውስጥ ማንም ፊልም የማያይበት፣ ማንም የማያወርድበት።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ናሱ ላይ ብቻ ያለና ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ነገር ካለ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡት። ዲስክ ሊሞት ሲል ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ መንቀራፈፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ራውተሩ ጀርባ ያለችውን በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አትንኩ። ሪስታርት ማድረጊያ አይደለችም። ኢንተርኔቱ የሚገባበትን ስምና ፓስወርድ ጨምሮ ሁሉንም ሴቲንግ ታጠፋለች። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ቴክኒሻን ስትለማመጡ ነው የምትከርሙት።

አንድ ሕግ ደግሞ ያዙ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ሦስት ነገር በአንዴ ቀይራችሁ ቢፈጥንም የትኛው እንዳፈጠነው አታውቁም። ነገ ተመልሶ ሲንቀራፈፍ እንደገና ከዜሮ ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥራችሁን እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የራውተር ካርቶን ላይና የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የምታዩት ቁጥር ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ኮፒ ስታደርጉ ዊንዶውስ የሚያሳያችሁ ደግሞ ሜጋባይት በሰከንድ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 100 ሜጋቢት ማለት ለስምንት ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ 11 ገደማ ይቀራል። «ካርቶኑ 300 ይላል፣ እኔ የማገኘው 18 ነው፣ ተታለልኩ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አልተታለለም፤ ክፍያውን ሳይሆን ማካፈሉን ነው የሳተው።

1. ላፕቶፑን ሁልጊዜ የምትሠሩበት ቦታ አስቀምጡ። ቻርጀሩን ሰኩ።
2. ፋይሉን ከናሱ ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉ።
3. የኮፒው መስኮት ላይ «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ተጫኑ። ግራፍ ይመጣል።
4. የመጀመሪያዎቹን 20 ሰከንዶች አትመኑ። እነሱ ሁልጊዜ ያጋንናሉ።
5. ከዚያ በኋላ የተረጋጋውን ቁጥር ጻፉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና መካከለኛውን ያዙ።
6. አሁን አቅጣጫውን ቀይሩት፤ ከላፕቶፕ ወደ ናስ ኮፒ አድርጉ። እሱንም ጻፉ።

ግራፉን ደግሞ በዓይናችሁ እዩት። ቅርጹ ራሱ ይናገራል፦

- 11 ወይም 12 ላይ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ መንገዱ ላይ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ኬብል ወይም የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ አለ። ደረጃ 4 የእናንተ ነው።
- ከ2 እስከ 3 ከሆነ፣ ዋይፋዩ በድሮ አሠራር እየሄደ ነው ወይም ሲግናሉ ደካማ ነው። ደረጃ 6 እና 7።
- ከ4 እስከ 9 እየዋለለ ከሆነ፣ ከሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች ቀርፋፋው በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናችሁ (ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ነው)። ደረጃ 6።
- ከ30 እስከ 40 ላይ ቀጥ ካለ፣ የዩኤስቢ 2.0 ግድግዳ ነው። ደረጃ 5።
- እየወጣ ዜሮ ድረስ እየወደቀ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ፣ ወይ ዲስኩ ነው ወይ ሲግናሉ። በኬብል ስትለኩ ይለያል።

ቅርጹን አይታችሁ በቀጥታ ወደዚያ ደረጃ አትዝለሉ። የጓደኛዬ ቁጥር 3 ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ጥፋት ነበረበት። ትልቁ ጥፋት ትንሹን ከጀርባው ይደብቀዋል።

ደረጃ 2፦ ፋይሉ በቤት ውስጥ መንገድ እየሄደ ነው?

አሁን «ፋይሉ ከግቢ አይወጣም» ብያለሁ። አንዳንዴ ግን ይወጣል። የናስ አምራቾች ከውጭ ሆናችሁ ፋይላችሁን እንድታገኙ የሚያደርግ አገልግሎት አላቸው። በዚያ አድራሻ ወይም በዚያ አፕ ከገባችሁ፣ ሳሎን ያለው ፋይል በኢንተርኔት ዞሮ ወደ መኝታ ቤት ሊመጣ ይችላል። ጥቅላችሁንም ይበላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይህ ነው።

1. ናሱን የምትከፍቱበትን አድራሻ እዩ። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ የቤት ነው። በስም ከሆነ ወይም በብራውዘር የሚከፈት የኢንተርኔት አድራሻ ከሆነ ተጠራጠሩ።
2. የናሱን ቁጥር ራውተሩ ገጽ ላይ (በብራውዘር የራውተሩን አድራሻ ጽፋችሁ የምትገቡበት)፣ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ።
3. ፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር ላይ ሁለት ባክስላሽ ጽፋችሁ ቁጥሩን አስከትሉ፤ ለምሳሌ \\192.168.1.20። ከዚያ ኢንተር።
4. ቪፒኤን ካለ አጥፉ። ላፕቶፑ ላይም፣ ስልኩ ላይም።
5. እንደገና ለኩ።

ኢንተርኔቱን ነቅሎ መሞከርም ይቻላል፤ ኮፒው ከቆመ በውጭ ሲዞር ነበር ማለት ነው። ነገር ግን የምትነቅሉት በሞደሙና በራውተሩ መካከል ያለውን ተራ ኬብል ከሆነ ብቻ ነው። መስመራችሁ ፋይበር ሆኖ ቀጭኑ ገመድ በቀጥታ ራውተሩ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አትንቀሉት። ጫፉ አቧራ አይወድም፣ ገመዱም መታጠፍ አይወድም። የአዳማ ነፋስ ደግሞ አቧራውን በነፃ ያቀርባል።

ደረጃ 3፦ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በኬብል ለኩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ ሥሩ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

1. ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ አምጡና በኬብል ሰኩ። ናሱም በኬብል ራውተሩ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ።
2. የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ይህን ካልዘጋችሁ ዊንዶውስ በየትኛው መንገድ እንደሄደ እርግጠኛ አትሆኑም።
3. ያንኑ ፋይል ኮፒ አድርጉ። ጻፉ።

ላፕቶፑ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ላን መቀየሪያ ተዋሱ። ስትገዙ «ጊጋቢት፣ ዩኤስቢ 3» ብላችሁ ጠይቁ (ጊጋቢት ማለት 1000 ሜጋቢት ነው)፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋቢት ነው፣ እሱ ራሱ ያሳስታችኋል።

በኬብል 100 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ናሱም ኬብሉም ጤነኛ ነው፤ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ። በኬብልም 11 ከሆነ ወደ ደረጃ 4። በኬብልም የሚዋልል ከሆነ ወይም ከ40 ካላለፈ፣ ደረጃ 4ን ፈትሻችሁ ወደ ደረጃ 5።

ጓደኛዬ ቤት በዋይፋይ 3 የነበረው በኬብል 11 ሆነ። እሱ «በቃ፣ ጥፋቱ ዋይፋዩ ነው» ብሎ ሊነሳ ነበር። 11 ግን ጤና አይደለም። ቁጭ በል አልኩት።

ደረጃ 4፦ ኬብሉንና ቀዳዳውን ፈትሹ

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኢተርኔት ግቡ። «ሊንክ ስፒድ» የሚለውን አንብቡ። 1000 ማለት አለበት። በናሱም ገጽ ላይ፣ ኔትወርክ በሚለው ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር አለ። ሁለቱንም እዩ። አንዱ 100 ካለ ጥፋቱ በዚያ በኩል ነው።

አሁን የኬብሉን ጭንቅላት ወደ ብርሃን አንሱና በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች እስከ ጫፉ ድረስ መድረስ አለባቸው። የጓደኛዬን ኬብል ያሰረው ካሜራ ሊገጥም የመጣ ልጅ ነው። ብርቱካናማዎቹና አረንጓዴዎቹ እስከ ናስ ጥርሶቹ ደርሰዋል። (ይሄኛው የእውነት ናስ ነው።) ሰማያዊዎቹና ቡናማዎቹ ግን ከሥር ተቆርጠው ልባሱ ውስጥ ተደብቀዋል። በአራት ሽቦ 100 ሜጋቢት ይሠራል፤ ለካሜራ ያ ይበቃል። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ከሰማያዊዎቹና ከቡናማዎቹ አንዷ እንኳ ብትላላ ሁለቱ ዕቃዎች ተስማምተው ወደ 100 ይወርዳሉ፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጧችሁም።

1. ሌላ ኬብል ቀይሩ። ፋብሪካ ያሰረውን ቢሆን ይመረጣል። ለኩ።
2. ካልተለወጠ ራውተሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። ለኩ።
3. ካልተለወጠ የራውተሩን ሞዴል ስም ከሥሩ አንብባችሁ የላን ቀዳዳዎቹ ጊጋቢት መሆናቸውን አጣሩ።

ከኢንተርኔት መስመር ጋር የሚመጡ አንዳንድ ራውተሮች ቀዳዳቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ያኔ ኬብል ብትቀያይሩ ዋጋ የለውም። ብዙዎች እዚህ ላይ ጊጋቢት ስዊች (ብዙ ኬብሎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን) ይገዛሉ፤ በኬብል ለተገናኘ ኮምፒውተር ይጠቅማል፣ ለዋይፋይ ግን አይረዳም፤ የዋይፋዩ መንገድ አሁንም በዚያው ጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ። የሚያዋጣው ጊጋቢት ቀዳዳና 5 ጊጋኸርዝ ያለው ሁለተኛ ራውተር ነው። «አክሰስ ፖይንት» በሚለው ሞድ (ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ) አስተካክሉት፣ ናሱን እሱ ላይ ሰኩ፣ ላፕቶፑም በእሱ ዋይፋይ ይግባ። የድሮው ራውተር ኢንተርኔት ብቻ ያምጣ።

ስምንት ሽቦ ያለው ኬብል ስንሰካ የጓደኛዬ ቁጥር 105 ደረሰ። ዋይፋዩን መልሰን ለካን። 3። እሱ ተስፋ ሊቆርጥ ነበር፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። አሁን የቀረው አንድ ጥፋት ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ዲስኩን ፈትሹ

መጀመሪያ ጆሯችሁን አስጠጉ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በየጊዜው የሚደጋገም ድምፅ ከሰማችሁ ሁሉንም ሙከራ አቁሙ። የዲስክ መመርመሪያም አታስነሱ፤ መመርመሪያው ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል። በጣም የምትፈልጉትን ፋይል መጀመሪያ አውጡ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን።

ድምፁ ሰላም ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ናሱ ገጽ ላይ የዲስኩን ጤና፣ «ስማርት» የሚባለውን ክፈቱ። «ፔንዲንግ ሴክተር» ወይም «ሪአሎኬትድ ሴክተር» የሚሉት (የተጠረጠሩና በሌላ የተተኩ የዲስኩ ክፍሎች ቁጥር) ከዜሮ ከተነሱና በየቀኑ ከጨመሩ ዲስኩን ለመቀየር ተዘጋጁ።
2. ምን ያህል እንደሞላ እዩ። ከ90 በመቶ ካለፈ ቦታ አስለቅቁ።
3. ከጀርባ የሚሠራ ነገር ካለ እዩ። ብዙ ፎቶ ካስገባችሁ በኋላ ናሱ ለየፎቶው ትንንሽ ምስል ሲሠራ ለሰዓታት ይጠመዳል። ሌሊቱን ተዉትና ጠዋት ለኩ።
4. ሙቀቱን እዩ። የአዳማ ከሰዓት በኋላ ሙቀት፣ በዚያ ላይ የተዘጋ ቁም ሳጥን፣ በዚያ ላይ አቧራ የዋጠ ፋን። ዲስኩ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ናሱን አጥፉ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ አየር ወዳለበት አውጡት።

ማንበቡ ፈጣን ሆኖ መጻፉ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ያውም ጀምሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ፣ ዲስኩ ኤስኤምአር የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። መረጃውን አደራርቦ ስለሚጽፍ በትልቅ ኮፒ ይደክማል። ጥገና የለውም። ትልቁን ኮፒ ማታ ልቀቁት፣ በቀጣዩ ግዢ ሳያደራርብ የሚጽፈውን ሲኤምአር ጠይቁ።

ራውተር ጀርባ ሃርድ ዲስክ ለሰካችሁ፦ ከራውተሩ የምትጠይቁት ብዙ ነው። የራውተሩ ፕሮሰሰር ትንሽ ነው፤ ዋይፋዩንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ ዲስኩንም እሱ ነው የሚያስተዳድረው። ቀዳዳው ዩኤስቢ 2.0 ከሆነ በተግባር ከ40 ሜጋባይት አያልፍም፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። እዚያ ላይ ከደረሳችሁ ተመስገን ብላችሁ ተዉት።

ደረጃ 6፦ በየትኛው ዋይፋይ ላይ እንዳላችሁ እወቁ

ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የተገናኛችሁበት ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ። ሦስት ነገር አንብቡ፦ «ኔትወርክ ባንድ»፣ «ሊንክ ስፒድ» እና «ሴኩሪቲ ታይፕ»።

ሊንክ ስፒዱን ለሁለት አካፍሉ፣ ውጤቱን ለስምንት። በተግባር የምታገኙት የዚያ አካባቢ ነው። 72 ካለ 4.5 ሜጋባይት፣ 144 ካለ 9፣ 866 ካለ 54 ገደማ። ከዚህ ሒሳብ ጋር የሚቀራረብ ካገኛችሁ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ የምትሄዱበት መንገድ ራሱ ጠባብ ነው።

1. ባንዱ 2.4 ከሆነ የራውተሩን ገጽ ክፈቱና ሁለቱን ዋይፋዮች በስም ለዩዋቸው። አንዱን «ሳሎን»፣ ሌላውን «ሳሎን 5» በሉት። ስማቸው አንድ ከሆነ ላፕቶፑ የፈለገውን ይመርጣል፤ ምርጫው ደግሞ ሁልጊዜ አያምርም።
2. ላፕቶፑን «ሳሎን 5» ላይ አገናኙ። 2.4ቱን «ፎርጌት» በሉት፤ ካልሆነ ተመልሶ ይሄዳል።
3. 5 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሉን 36፣ የቻናሉን ስፋት 80 አድርጉ። ለኩ።
4. ሴኩሪቲው ላይ ቲኬአይፒ (የድሮ የዋይፋይ መቆለፊያ ዓይነት) የሚል ካያችሁ ወደ አዲሱ፣ ወደ ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ ቀይሩት። በቲኬአይፒ ዋይፋዩ ከ54 ሜጋቢት አይወጣም፤ ያ ማለት በተግባር ከ2.5 እስከ 3 ሜጋባይት።

የጓደኛዬ 3 ይቺ ነበረች። ራውተሩን ከዓመታት በፊት ያስተካከለለት ሰው የድሮ ስልክ እንዲገባለት ብሎ ቲኬአይፒ ላይ አድርጎት ሄዷል። ስልኩ ሞቷል፣ ሴቲንጉ ቀርቷል።

ሲቀየር ሁሉም ስልክና ቲቪ ይቋረጣል። ፓስወርዱን አትቀይሩ፤ ያኔ አብዛኞቹ ራሳቸው ይመለሳሉ። አንድ እምቢ ያለ ዕቃ ካለ ኔትወርኩን «ፎርጌት» ብላችሁ እንደገና አስገቡት።

«ሳሎን 5» ላፕቶፑ ላይ ጨርሶ ካልታየ፣ መጀመሪያ ስልክ ላይ እዩት። ስልኩ ካየው ላፕቶፑ 5 ጊጋኸርዝ የለውም ማለት ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ መግዛት ግድ ነው።

በ2.4 ላይ መቅረት ግድ ከሆነ አናላይዘሩን ክፈቱ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሃያ ሠላሳ የጎረቤት ዋይፋይ ያያል። ከ1፣ ከ6 እና ከ11 መካከል ሰው ያነሰበትን ቻናል ምረጡ፤ ስፋቱን 20 አድርጉ። «3 ላይ ማንም የለም» ብላችሁ 3ን አትምረጡ። ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል፤ ሁለት ጎረቤት በአንዴ ታስቀይማላችሁ።

ደረጃ 7፦ ራውተሩን ከቡፌው አውጡት

እኛ ቤት ራውተር ቦታው የታወቀ ነው። ቡፌው ውስጥ፣ ከቲቪው ጀርባ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል። ዳንቴሉ ሲግናል አይከለክልም፤ ሙቀት ግን ያፍናል። ቲቪው ግን ከጀርባው ብረት ነው፤ ሲግናሉን ይመልሰዋል። የግድግዳ መስታወትም እንዲሁ። ውሃ የሞላ ሮቶ በራውተሩና በሰርቪስ ክፍሉ መካከል ከቆመ እሱም ይውጠዋል። ብሎኬትና ኮንክሪት 5 ጊጋኸርዝን ከ2.4 ይልቅ ይጎዱታል፣ የብረት በር ሁለቱንም።

ሦስት ቦታ ላይ ለኩ፦ ራውተሩ ፊት ለፊት በሁለት ሜትር፣ በሚቀጥለው ክፍል፣ እና ሁልጊዜ በምትሠሩበት ቦታ። አናላይዘሩ የሚያሳየውን ሲግናልም አብራችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ አያምታታችሁ፤ -50 ጥሩ ነው፣ -67 ያሠራል፣ ከ-75 ከወረደ ፋይል ኮፒ ለማድረግ አይሆንም።

በሁለት ሜትርም ቀርፋፋ ከሆነ ግድግዳውን አትውቀሱ፤ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። በሁለት ሜትር ፈጣን ሆኖ በሥራ ቦታችሁ ከወደቀ ጉዳዩ ቦታ ነው። ራውተሩን ወደ ቤቱ መሃል፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጉ።

ሪፒተር ስለመግዛት የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ለዋትስአፕ ይሆናል። ለትልቅ ፋይል ግን አልመክርም፤ በአንድ ቻናል ተቀብሎ በዚያው ቻናል የሚመልሰው ዓይነት ፍጥነቱን በግማሽ ያወርደዋል። ናሱ ራሱ በዋይፋይ የተገናኘ ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ አንዱ ፋይል አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል። ናሱን በኬብል ሰኩ። ለሰርቪሱም ኬብል ዘርግታችሁ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት አድርጉ። አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ግን አንዴ ነው።

አንዲት ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር ላክል። ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክና ኬብሉ ሲሠሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫሉ። ዲስኩ ራውተሩ ላይ ተደግፎ ወይም ከላፕቶፑ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ልክ ኮፒ ስትጀምሩ ዋይፋዩ ይታመማል፣ ስታቆሙ ይድናል። አንድ ሜትር አርቁት፣ ወይም 5 ላይ ሁኑ።

ደረጃ 8፦ ላፕቶፑና ፋይሉ

ኔትወርኩ ጤነኛ ሆኖ አንድ ላፕቶፕ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፦ ቻርጀር ሰኩ፣ ፓወር ሞዱን «ቤስት ፐርፎርማንስ» አድርጉ፣ የዋይፋይ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አድሱ። አንቲቫይረስ የሚገባውን ፋይል ሁሉ የሚፈትሽ ከሆነ ለሙከራ ብቻ አምስት ደቂቃ አቁሙት፣ ለኩ፣ መልሳችሁ አብሩት።

ፎቶዎች ብቻ የሚንቀራፈፉባችሁ ከሆነ ደግሞ ጥፋት የለም። አንድ 4 ጊጋባይት ቪዲዮና 4 ጊጋባይት የሚሆኑ ሁለት ሺህ ፎቶዎች አንድ አይደሉም። ለእያንዳንዱ ፋይል ላፕቶፑና ናሱ «ልክፈት? ክፈት። ጨረስኩ? ዝጋ» ይባባላሉ። ይህ ንግግር ሁለት ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ነው ጊዜው የሚሄደው። ፎልደሩን እዚያው ናሱ ላይ፣ በናሱ ገጽ በኩል ዚፕ አድርጉና አንድ ፋይል አድርጋችሁ አምጡት። በላፕቶፕ በኩል ዚፕ ካደረጋችሁት ግን ሁሉንም በዋይፋይ አምጥቶ መልሶ ይልካል፤ ድካም ብቻ።

ደረጃ 9፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ

«ትናንት አስተካክዬው ዛሬ ተመልሷል» የሚለኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር?» ብዬ ነው። መብራት ሲመለስ ራውተሩ በራሱ ሌላ ቻናል ይመርጣል፣ ናሱ ሌላ ቁጥር ይወስዳል፣ ላፕቶፑ ቀድሞ የተነሳውን 2.4 ይይዛል። ሳይዘጋ የጠፋው ናስ ደግሞ ዲስኩን ሊፈትሽ ይችላል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ ካለው ፍተሻው ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ እስኪጨርስ ኮፒው ይጎተታል። በመሃል አታጥፉት።

1. ራውተሩ ላይ ቻናሉን ከ«አውቶ» አውጥታችሁ የመረጣችሁት ላይ ቆልፉ።
2. የናሱን ቁጥር በ«አድሬስ ሪዘርቬሽን» ቋሚ አድርጉ።
3. መብራት ሲጠፋ የናሱን ሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሄድ መጣ ካለ ዲስኩን የሚጎዳው ያ ነው።
4. መጀመሪያ ራውተሩን አብሩ። ሦስት ደቂቃ ጠብቁና ናሱን።
5. ናሱ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ላፕቶፑ «ሳሎን 5» ላይ መሆኑን እዩ፣ ያችኑ 4 ጊጋባይት ፋይል ኮፒ አድርጉ።

ዩፒኤስ መግዛት ከቻላችሁ ናሱንና ራውተሩን ብቻ ሰኩበት። ቲቪውን እዚያው ዲቫይደር ላይ አትጨምሩ፤ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ካለው ናሱ ላይ ሰኩት። ብዙ ናሶች ባትሪው ሲያንስ በሥርዓት ራሳቸውን ይዘጋሉ።

የመጨረሻውን ቁጥርና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ራውተሩ ጎን ለጥፉ። የጓደኛዬ ራውተር ላይ «5 ጊጋ፣ ቻናል 36፣ 45 ሜጋባይት» ይላል። 60ው ጊጋባይት አሁን በሃያ ምናምን ደቂቃ ይገባል። ጥቅሉንም ወደ ድሮው አስመልሶታል።